ግድግዳው በምን ይሠራ? የግንባታ ዕቃ ግዴታ በሐረርና በድሬዳዋ

በሐረር ከጁገል ግንብ ውስጥ፣ በድሬዳዋ ደግሞ በከዚራ ወይም በአዳዲሶቹ የማኅበር ቤት ሰፈሮች ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው፣ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ግድግዳው በድንጋይ ይቆማል ወይስ በብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ይሁን ወይስ ሶሌታ (ጠፍጣፋ የአርማታ ጣሪያ)፣ በሩ እንጨት ይሁን ወይስ ብረት፣ ፊት ለፊቱስ ምን ዓይነት ልስንና ቀለም ይልበስ የሚለውን አንዳንድ ጊዜ ባለቤቱ ሳይሆን ሌላ አካል ቀድሞ ወስኖት ያገኘዋል። ይህ ውሳኔ በሊዝ ውል፣ በአካባቢ ልማት ፕላን፣ በቅርስ ሕግ ወይም በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ብዙ ሰው ግን መኖሩን የሚያውቀው ፎንዴሽኑ ከወጣ፣ ብሎኬቱም ግቢ ውስጥ ከተራገፈ በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት መመለስም መቀጠልም ውድ ነው።

እንዲህ ያለ ግዴታ በእነዚህ ሁለት ከተሞች አስፈላጊ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የቤቱን መልክ ብቻ የሚያዝ፣ ግድግዳው በውስጡ እንዴት እንደሚሠራ፣ ዕቃው ከየት እንደሚመጣና ወጪውን ማን እንደሚሸከም የማይናገር ግዴታ ቅርሱንም ቤት ሠሪውንም ይጎዳል። አሁን በሁለቱ ከተሞች የኮሪደር ልማት የመንገድ ዳር ቤቶችን ገጽታ እየለወጠ ባለበት ጊዜ ጉዳዩን በጥሞና ማየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በአሜሪካና በካናዳ አልሚ ኩባንያ መሬት ሸንሽኖ ሲሸጥ፣ ገዢው የሚጠቀመውን ጡብ፣ የጣሪያ ክዳን፣ የአጥር ዓይነትና ቀለም ሳይቀር የሚወስን ግዴታ ከይዞታው ጋር ማስመዝገብ የተለመደ ነው። ግዴታው መሬቱን ተከትሎ ስለሚሄድ ቤቱ ሦስት ጊዜ ቢሸጥም ሦስተኛው ገዢ ይታሰርበታል። ከቶሮንቶ ወይም ከአትላንታ ተመልሶ በትውልድ ከተማው ቤት የሚሠራ ዘመድ ይህን አሠራር ስለሚያውቀው፣ እዚህም የሚፈልገውን መልስ በአንድ ሰነድ ውስጥ ይጠብቃል። በእኛ አገር ግን መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ ግዴታውን በአብዛኛው የሚጽፈው ሻጭ ወይም ጎረቤት ሳይሆን መሬቱን የሚያስተዳድረው አካል ነው፤ የሚጻፈውም በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አይደለም።

በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የሚፈረም ውል ግንባታው የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ጊዜ ይወስናል፤ አዋጁ ለአነስተኛ ግንባታ እስከ 24 ወር፣ ለመካከለኛ እስከ 36 ወር፣ ለከፍተኛ ግንባታ እስከ 48 ወር ይሰጣል። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የሚዘጋጀው የአካባቢ ልማት ፕላን የሕንፃውን ከፍታና ዓይነት ይገድባል። በሕንፃ አዋጅ የተዘረጋው የፈቃድ ሥርዓት የሕንፃውን ደኅንነትና ጥንካሬ ይመለከታል። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ በቅርስ ላይ የሚደረግ ማንኛውም የጥገናና የእድሳት ሥራ አስቀድሞ በሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲፈቀድ ያዛል። አራቱ ሕጎች አራት የተለያዩ ጥያቄዎችን ስለሚጠይቁ፣ በአንዱ መሥሪያ ቤት የፀደቀ ዲዛይን በሌላው ሊቆም ይችላል። አንድ መሐንዲስ በብሎኬትና በአርማታ የሠራው ዲዛይን ከጥንካሬ አንጻር እንከን ባይኖርበትም በጁገል ውስጥ ግን ከቅርስ አንጻር ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱ ለእያንዳንዱ አካል በተናጠል መጠየቅ አለበት፤ ይህ አድካሚ መሆኑን አልክድም።

ጁገል፦ ድንጋዩ፣ ጭቃውና ሲሚንቶው

ጁገል በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር የተመዘገቡት ግንቡና በሮቹ ብቻ አይደሉም። በ48 ሄክታር ውስጥ ያሉት 82 መስጊዶች፣ ከ100 የሚበልጡ አዋች (የቅዱሳን መቃብርና መዘከሪያ ሥፍራዎች) እና ሰዎች የሚኖሩባቸው የሐረሪ ቤቶች አንድ ላይ ተመዝግበዋል፤ እንዲያውም ከባህላዊ ቅርሶቹ ሁሉ እጅግ አስደናቂ ተብሎ የተገለጸው የውስጥ አሠራሩ ልዩ የሆነው የሐረሪ ቤት ነው። ዩኔስኮ ስለ ከተማዋ ባሰፈረው መግለጫ የታሪካዊውን ሕንፃ እውነተኛነት ቀስ በቀስ የሚጎዱ ብሎ የዘረዘራቸው ነገሮች የድንጋይ ቤቶችን መለሰን፣ የእንጨት በርን በብረት መተካት፣ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ያሉ ባህላዊ ያልሆኑ ዕቃዎችን ማስገባትና እንደ ቴሌቪዥን አንቴና ያሉ ገጽታን የሚያበላሹ ነገሮች ናቸው። ከአንቴናው በስተቀር ሁሉም የግንባታ ዕቃ ጉዳዮች ናቸው፤ ማናቸውም ደግሞ በክፋት የተሠሩ አይደሉም። ዝናብ እንዳይገባ፣ ሌባ እንዳይሰብር፣ ግድግዳው እንዲያምር የፈለገ ቤተሰብ የሚወስናቸው ውሳኔዎች ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት ግድግዳውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ነባሩ የሐረሪ ቤት፣ ማለትም ጌ ጋር፣ ሐሺ በሚባለው የአካባቢው ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ ወፍራም ሆኖ ይገነባል፤ ጣሪያው በተደረደረ እንጨት ላይ አፈር ተደልድሎ ጠፍጣፋ ይሆናል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ ዝናብም ሲመታው ይጠጣል። ይሁን እንጂ ጭቃውና ኖራው አየር ስለሚያሳልፉ የገባው እርጥበት ፀሐይ ሲወጣ ተመልሶ ይተናል። በላዩ ላይ የሲሚንቶ ልስን ሲለብስ ግን መውጫው ይዘጋል። ውሃው ከሥር መግባቱን አያቆምም፤ ስለዚህ በልስኑና በድንጋዩ መካከል ይከማቻል፣ ከአፈሩ ያሟሟውንም ጨው ይዞ ወደ ላይ ይወጣል።

ውጤቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አይታይም፤ ባለቤቱን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ኋላ ላይ ከጉልበት እስከ ወገብ ባለው ከፍታ ልስኑ ማበጥ ይጀምራል። በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ በስንጥቁ ጠርዝ ላይ ነጭ የጨው ዱቄት ይወጣል። ያበጠው ቁራጭ ሲነሣ ድንጋዩን ይዞት የነበረው ጭቃ ከጀርባው ዱቄት ሆኖ እየፈሰሰ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መፍትሔ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሲሚንቶውን አብዝቶ እንደገና መለሰን። ትውልድን የተሻገረ ግድግዳ በዚህ መንገድ ከውስጥ ተበልቶ ሲናድ ጥፋቱ በድንጋዩ ወይም በዕድሜው ላይ ይጣላል፤ ያፈረሰው ግን ለጥንካሬ ተብሎ የተጨመረው ነገር ነው። ይህ ሳይታወቅ እየቀጠለ መሄዱ በእጅጉ ያሳዝነኛል።

ዕቃው የውስጡን ኑሮም ይወስናል። በጊዲር ጋር፣ በዋናው ሳሎን፣ አምስቱ ነደባዎች በተለያየ ከፍታ ከግድግዳው ጋር አብረው ይገነባሉ፤ ማን በየትኛው ነደባ እንደሚቀመጥም ወግ አለው። በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት ጣቃቶች፣ ብዙውን ጊዜ 11 የሆኑት፣ መጻሕፍትና ዕቃ የሚቀመጥባቸው ናቸው። ጣቃት የሚወጣው ግድግዳው ወፍራም ሲሆን ነው። ገበያ ላይ ያለው ትልቁ ብሎኬት ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በዚህ ላይ ጣቃት ይቦርቦር ቢባል ግድግዳው ወደ ጎረቤት ይበሳል። ስለዚህ በብሎኬት የተሠራ «የሐረሪ ቤት» ጣቃቱን በጂፕሰም ወይም በእንጨት መደርደሪያ አስመስሎ ከመለጠፍ ሌላ አማራጭ የለውም።

መልክን ብቻ የሚያዝ ግዴታ የሚያስከትለው ችግርም ይኸው ማስመሰል ነው። ደንቡ «ፊት ለፊቱ ድንጋይ ይሁን» ብቻ ካለ፣ ባለቤቱ በብሎኬት ገንብቶ ቀጭን ድንጋይ በሲሚንቶ ይለጥፋል። ደንቡ ተከብሯል፤ ፈቃድ ሰጪውም የሚይዘው ምክንያት የለም። የተለጠፈው ድንጋይ ግን ምንም አይሸከምም፤ እርጥበቱንም አያስተነፍስም፤ ከአጠገቡ ካለው አሮጌ ግድግዳ ጋር ያለው ግንኙነትም የተበላሸ ነው። በጁገል ቤቶች ተደጋግፈው ስለሚቆሙ አንድ ግድግዳ ለሁለት ቤተሰብ ማገልገሉ የተለመደ ነው። በሲሚንቶ የደረቀ አዲስ ግድግዳ በጭቃ ከተያያዘ አሮጌ ግድግዳ ጋር ሲጋጠም ሁለቱ እኩል አይንቀሳቀሱም፤ ስንጥቁ በመጋጠሚያው ላይ ይወጣል፣ አዲሱ የከለከለው ውሃም ወደ ጎረቤት ግድግዳ ይዞራል።

በባዶ ቦታ ላይ አዲስ የሚቆም ቤትስ? አንዳንዶች ሁሉም ነገር እንደ ጥንቱ በጭቃ ይሁን ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ አዲስ ቤት ቅርስ ስላልሆነ ነፃ ይሁን ይላሉ። የእኔ አስተያየት ግዴታው ከቦታው አቀማመጥ ጋር መያያዝ አለበት የሚል ነው። አዲሱ ቤት ከነባር ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ከሆነ የሚጋሩት ክፍል በድንጋይና በጭቃ ወይም በኖራ ብቻ እንዲሆን በግልጽ መጻፍ አለበት። ለብቻው የሚቆም ከሆነ ግን በከፍታው፣ በመስኮትና በበሩ መጠን፣ በጣሪያው ቅርጽና በውጭ ልስኑ ላይ ጥብቅ ሆኖ በውስጡ ባለው መዋቅር ላይ ለመሐንዲሱ ቦታ መተው ይቻላል። ኖራን የጠቀስኩት በምክንያት ነው። ኖራ የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ተቃጥሎና በውሃ በርዶ የሚገኝ፣ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ ብሎ የሚጠነክር ማያያዣ ነው። ከሲሚንቶ ይለሰልሳል፣ ለመድረቅም ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ከጭቃ የተሻለ ዝናብ ስለሚችልና አየር ስለሚያሳልፍ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ደንቦች «ሲሚንቶ ክልክል ነው» ከማለት አልፈው «ልስኑ በኖራ ይሁን» ቢሉ ለግንበኛውም ለባለቤቱም የሚጨበጥ ነገር ይሰጣሉ።

ወጪው የማን ነው?

ባለቤቱን መውቀስ ቀላል ነው። የአፈር ጣሪያ ክረምት ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ መደልደልና መጠገን ይፈልጋል፤ ቆርቆሮ ግን በአንድ ቀን ተመትቶ ለዓመታት ይረሳል። ለጣሪያ የሚሆን ረጅምና ጠንካራ እንጨት በአካባቢው እየጠፋ ሄዷል፤ የቀረውንም እንደ ልብ መቁረጥ አይቻልም፣ ሊቻልም አይገባም። በጭቃ አያይዞ ድንጋይ የሚያቆም ግንበኛ በብሎኬት ከሚሠራው ይልቅ ብርቅ ነው፤ ሥራውም ቀናትን ስለሚወስድ የቀን ሒሳቡ ይበዛል። በዚህ ላይ ቤተሰቡ እየበዛ ሲሄድ ወደ ላይ መጨመር ያስፈልጋል፤ ወደ ላይ ሲጨመር ደግሞ የመጀመሪያው የሚታሰበው ዕቃ ፌሮና አርማታ ነው። ግዴታው ይህን ሁሉ ሸክም በአንድ ቤተሰብ ትከሻ ላይ አስቀምጦ ቅርሱ የዓለም ነው ማለት ፍትሐዊ አይደለም።

ለዚህ ግን ሕጉ ባዶ አይደለም። የቅርስ አዋጁ ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ግዴታ ሲጥል፣ የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን መሸፈን የሚችልበትንም መንገድ ከፍቷል። ድንጋጌው ለነባር ቤት ጥገና የተጻፈ ቢሆንም ሐሳቡ በጁገል ውስጥ አዲስ ለሚሠራም ሊዘረጋ ይገባል። ገንዘብ ባይገኝ እንኳ ዕቃ ማቅረብ ይቻላል። ከሁሉ የሚቀርበው ዕቃ ደግሞ ከፈረሱ ቤቶች የሚወጣው ድንጋይ ነው። አንድ ግድግዳ ሲናድ ድንጋዩ ከጁገል ውጭ ተጭኖ ለሰብ ቤዝ (ለመንገድ ሥር ሙሌት) ከሚውል፣ ከተማው ቦታ ወስኖ ቢያከማቸውና በድንጋይ እንዲሠራ ለታዘዘ ሰው በመጓጓዣ ዋጋ ብቻ ቢሰጠው ግዴታው ከወረቀት ይወጣል። የተጠረበና የተፈተነ ድንጋይ በእጅ እያለ ባለቤቱን አዲስ ካባ (የድንጋይ ማውጫ) ፍለጋ ማሰማራት ኪሳራው ለሁሉም ነው።

ድሬዳዋ ሌላ ጥያቄ ነው

ድሬዳዋ የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከሐረር ዝቅ ብላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፣ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። በከዚራ ያሉትን የጥንት ቤቶች ያየ ሰው ሰፊ በረንዳቸውንና ከፍ ያለ ጣሪያቸውን ያስተውላል፤ ያ ሁሉ ሙቀትን ለመከላከል የተሠራ ነው። እዚህ የግንባታ ዕቃ ግዴታ መመዘን ያለበት መጀመሪያ በዚህ መስፈርት ነው። ነገር ግን በየከተማው እየተለመደ የመጣው የ«ዘመናዊ ገጽታ» ፍላጎት መንገድ ዳር ያለ ቤት በመስታወትና በአሉሚኒየም እንዲለብስ ይገፋፋል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው መስታወት ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል፤ ነዋሪው የሚተርፈው በአየር ማቀዝቀዣ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በዚያም የለም። ለድሬዳዋ የሚበጀው ግዴታ ሌላ ነው፤ የመስኮት ጥላ፣ የበረንዳ ስፋት፣ ከቆርቆሮው ሥር የኮርኒስና የአየር መተላለፊያ፣ ነጣ ያለ የጣሪያ ቀለም። እነዚህ ርካሽ ናቸው፤ በደንብ ውስጥ ሲጻፉ ግን እምብዛም አይታዩም።

ግዴታ ከቦታ ቦታ መለየት እንዳለበት ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ጭቃ ነው። ጁገል በቅርስነት በተመዘገበበት በዚያው ወር መጨረሻ፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ብዙ ቤቶችንም ጠራርጎ ወስዷል። በደቻቱ ዳርቻ ከመሬት ጀምሮ በጭቃ የሚቆም ግድግዳ መከልከሉ፣ ከዚያም በፊት ቦታው ራሱ ለመኖሪያ መዋሉ መመርመሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። በጁገል ከግድግዳው እንዳይጠፋ የምንከራከርለት ጭቃ በደቻቱ ዳር እንዲገባ አንፈቅድም፤ ሁለቱም ትክክል ነው። ከሌላ ከተማ ተቀድቶ የመጣ የግንባታ ዕቃ ደንብ የሚሳሳተው ይህን ልዩነት ሳያይ ስለሚጻፍ ነው።

በአዳዲሶቹ ሰፈሮች ግዴታው የሚመጣው በአብዛኛው ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው። አባላት በአንድ ዲዛይን ለመሥራት ሲስማሙ የፊት ገጽታው፣ የጣሪያው ቀለምና የአጥሩ ከፍታ በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰናል። ውሳኔው ዕቃውን በስሙ ብቻ ሲጠራ ችግር ይፈጠራል። የተመረጠው የሸክላ ጡብ ወይም የተወሰነ ዓይነት ክዳን ከገበያ ሲጠፋ፣ ወይም ሲሚንቶ ባለፉት ዓመታት ደጋግሞ እንደታየው ዋጋው ሲንር፣ ግማሹ አባል ጨርሶ ግማሹ ይቆማል። ከዚያ ጭቅጭቅ ይመጣል፤ «እኔ በውድ ገዝቼ ጨርሻለሁ፣ አንተ ለምን በርካሹ?» ይባላል። ይህን ለመከላከል ደንቡ የዕቃውን ስም ብቻ ሳይሆን የሚፈለገውን ባሕርይ ማለትም ውፍረቱን፣ ቀለሙን፣ ሙቀትና ዝናብ መቻሉን ጽፎ «ወይም ይህንኑ የሚያሟላ ሌላ ዕቃ» የሚል ሐረግ ማካተት፣ ዕቃ ሲጠፋ ምትክ የሚያፀድቅ ኮሚቴና ይህ ኮሚቴ መልስ የሚሰጥበትን ቀን መወሰን አለበት። ቀን ያልተቆረጠለት ኮሚቴ መልስ እንደማይሰጥ የማኅበር ስብሰባ ያየ ሁሉ ያውቃል።

በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ሕግ እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባዋል። ሕጉ በአገር አቀፍ የሕንፃ ኮድ የተፈቀደን የግንባታ ዕቃ ከተሞች በራሳቸው ደንብ እንዳይከለክሉ አገደ፤ ታሪካዊ ሥፍራዎችን ግን ከእገዳው ውጭ አደረገ። ከተሞች ለውበት ብለው የሚጥሉት የዕቃ ግዴታ የቤት ዋጋ ያንራል ብለው የተነሡ ሕግ አውጪዎች እንኳ ለታሪካዊ ቦታ ልዩ ጥበቃ አስፈላጊ መሆኑን ተቀብለዋል። ለእኛም የሚሆነው ሚዛን ከዚህ አይርቅም፤ በጁገል ጥብቅና ዝርዝር፣ በማኅበር ቤት ሰፈር ደግሞ ልልና አማራጭ ያለው ግዴታ።

አሁን ቤት ለመሥራት የተዘጋጀ ሰው ካርታውንና ውሉን ይዞ ዲዛይን ከማሠራቱ በፊት ለፈቃድ ሰጪው፣ በጁገል ከሆነም ለቅርስ ጽሕፈት ቤቱ፣ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። በቃል «ችግር የለውም» ያለው ባለሙያ ነገ ሊቀየር ይችላል። የታዘዘው ዕቃ በዲዛይኑና በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ በስሙና በመጠኑ ይግባ፤ ከኮንትራክተሩ ጋር በሚፈረመው ውልም ያለ ጽሑፍ ስምምነት ዕቃ መቀየር እንደማይቻል ይጻፍ። ድንጋይ ወይም ኖራ ከሆነ ግንበኛው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የናሙና ግድግዳ ሠርቶ ያሳይ፤ ፈቃድ ሰጪውም አይቶት ፎቶው ከፋይሉ ጋር ይቀመጥ፤ በኋላ «ያልነው እንዲህ አልነበረም» የሚለውን ክርክር የሚዘጋው ይህ ነው። በሊዝ የተወሰደ ቦታ ከሆነ ደግሞ የታዘዘውን ዕቃ ፍለጋ የሚባክነው ወር ከውሉ 24 ወይም 36 ወር ላይ ስለሚቀነስ፣ ዕቃው ሲዘገይ ባለቤቱ ቀኑ ከማለፉ በፊት የጊዜ ማራዘሚያ ደብዳቤ ማስገባት አለበት፤ ከደብዳቤው ጋር የአቅራቢውን የ«ዕቃ የለም» ማረጋገጫና ግዴታውን የጣለውን ደንብ ቅጂ ያያይዝ፤ የገቢ መዝገብ ቁጥሩን ሳይቀበልም ከመሥሪያ ቤቱ አይውጣ።